ቁጥር አርባ ሰባት ያነክሳል

ለገሃር፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጓሮ፣
ሐዲዱን ሣር ውጦት፣ ፉርጎው ዝጎ ታጥሮ፣
ሥራዬ ወጌሻ፤ የብረት ወጌሻ፣
ጥሩር ያመጡልኛል ከንጋት እስከ ማምሻ።
የተሰበረ ክንድ፣ የደረቀ ጉልበት፣
ጥይት የበሳሳው የደረት ብረት፤
አቃናለሁ፣ አስራለሁ፣ "ተስተካክሏል" ብዬ እፈርማለሁ።
ማን ነበር ውስጡ? አልልም።
ደሞዜ የብሎን ነው፤ ለነፍስ አይከፍሉኝም።

ባለፈው መስከረም አንድ ምልምል መጣ፣
አርባ ሰባትን ለብሶ፣ ፊቱ ላብ ያወጣ፦
"ጋሼ፣ እግሬ ደህና ነው፣ ሐኪምም አይቶታል፤
ይህን ስለብሰው ግን ግራዬ ያነክሳል።
ስሮጥ ያነክሳል፣ ስቆም ያዘነብላል፣
ሻምበሉ ሰልፍ ላይ 'ሸፋፋው!' ይለኛል።"

ፈታሁት። ጉልበቱን፣ ቁርጭምጭሚቱን፣
መብራት ሥር ዘረጋሁ የሽቦ ጅማቱን።
ዘይቱ ንጹሕ ነው፣ ሞተሩም አልደከመ፣
ምን ልጠግን እንግዲህ ብረቱ ካልታመመ?
ትውስታውን ከፈትኩ።

እንዲህ ነው ይህ ልብስ፦ ለባሹን ያጠናል፣
ሦስት ወር ከኋላው እንደ ጥጃ ይሄዳል፣
በአራተኛው ወር ግን ቀድሞት ይራመዳል።
አርባ ሰባትን መሄድ ያስተማረው ሌላ ነው፤
ደረጃ በቀኙ የሚጀምር፣ ጭቃ ሲያይ የሚያጥር፣
ደምመላሽ ዘርጋው።
በቀይ ሰርዘውታል። ቀዩ ግን ቀጭን ነው፣
ስሙ ከሥሩ ይነበባል።
ትእዛዙ አጭር ነው፦ "የቀድሞው አካሄድ ይደምሰስ።"
አንድ ቁልፍ መጫን ነው፤ እንደ ትቢያ ማበስ።

እጄን ሳላነሳ ሴትዮዋ ደረሰች።
ፖስታ ቤት ደረጃ ላይ ሎተሪ ስታዞር፣
ሰልፉ ቸርችልን ቁልቁል ሲወርድ አይታ ነበር፦
አርባ ጥሩር፣ አርባ ጭንብል፣ ሁሉም በአንድ ምት፣
አንዱ ብቻ፣ በግራው፣ ትንሽ ሰበር ሲልባት
ሎተሪዋን በትና ገባች ከሰልፉ መሐል፣
"ወንድሜ! ወንድሜ!" እያለች።
ልጁ ጭንብሉን ገለጠ። የሰው ፊት። የማታውቀው።
"ይቅርታ እትዬ" አላት።
"ፊቱ ያንተ ይሁን" አለች፣ "እርምጃው የኛ ነው።"

ውብዓለም ትባላለች።
ሬሳ አልጠየቀችኝ፣ ጡረታ አልጠየቀች፤
ከዘይቱ በርሜል ላይ ተቀምጣ አወራች፦
"እሪ በከንቱ ነው ያደግነው፣ ከካቡ ሥር።
ኳሴን አምጣ ብዬ ላክሁት፤ ስድስት ዓመቱ ነበር።
ወደቀ። እሪ አልኩ።
ወጌሻ ቤት ድረስ በጀርባዬ አዘልኩ፤
አጥንቱ ገጠመ፣ ግን እንደ ነገሩ።
የሰፈር ልጆች ሁሉ በሱ ነው ያፏጩ፣ የዘመሩ።
ያን እርምጃ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ወንድሜ፤
አንዴ ልየው ብቻ፣ ሰው ሳይገባበት፣ አጠገቡ ቆሜ።"

እኩለ ሌሊት ላይ ባዶውን አቆምኩት፣
የቸርችልን አቀበት ወደ ላይ ለቀቅኩት።
ባቡሩ አርፏል፤ በብሔራዊ ትያትር በኩል መብራት የለም፤
አንድ ዘበኛ አየን፤ ካፖርቱን ወደ ፊቱ ሳበ፣ አላየም።
ብረቱ በግራው ሰበር፣ ሰበር ይላል፤
ከጎኑ የሷ ነጠላ ጫማ ጧ፣ ጧ ይላል።
ፖስታ ቤቱ ጋ ሲደርሱ ደከማት። ቆመች።
እሱም ቆመ።
ይህን አላዘዝኩትም።
ምናልባት ባትሪው ነው። ምናልባት አቀበቱ።
ልብን ከልብስ የምትለይ አንዲት ፊደል ናት፤
በዚያ ጨለማ ውስጥ ፈልጌ አጣኋት።

ጠዋት መዝገቡ ላይ "ተስተካክሏል" ብዬ ጻፍኩ፤
ቁልፉን እንደነበረ ተውኩ።
ልጁ በሳምንቱ ተመልሶ መጣ፦
"ጋሼ፣ አሁንም ያነክሳል።"
በር ላይ አውጥቼ ጎዳናውን አሳየሁት፣
የተቆፈረውን፣ ተደፍኖ ደግሞ የተቆፈረውን፦
"መንገዱ ነው" አልኩት።