አሎ፣ ሽንሌ

አባቴ ስልከኛ ነበረ፣ በምድር ባቡር ቤት፣
ጠረጴዛው ጠባብ፣ ወንበሩ የብረት፤
እጀታውን አዙሮ፣ ጆሮውን ደግኖ፣
«አሎ፣ ሽንሌ!» ይላል፣ ድምፁን አግንኖ።
ሽንሌ «አለሁ» ሲል፣ «ሐዲዱ ባዶ ነው»፣
ያኔ ነው ባቡሩን «ሂድ» ብሎ የሚለቀው።
ሽንሌ ዝም ካለ፣ ባቡሩ ይቆማል፤
ተሳፋሪው ቢጮህ፣ ብርቱካኑ ቢበሰብስ፣ ይቆማል።
ሹሙ በፈረንሳይ አፍ ቢሳደብ፣ ቢቆጣ፣
«ዝምታ እሺ አይደለም» ይላል፣ «የሽንሌ ድምፅ ይምጣ።»

እኔም ያው ልጁ ነኝ።
የሌሊት ተረኛ፣ ሲሚንቶ ፋብሪካ፣
ዓይኔን ስክሪን ላይ ተክዬ፣ አረንጓዴ ስለካ።
አሥራ አራት ሳጥኖች፣ አሥራ አራት መብራት፣
እቶኑን፣ ወፍጮውን፣ ቀበቶውን የሚጠብቁ በንቃት።
እርስ በርስ ይጣራሉ በሽቦ፣ ሳይተያዩ፣
«አለህ?» «አለሁ።» «አለህ?» «አለሁ።» ሳይሰለቹ፣ ሳይለያዩ።
ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ፣ አሥር ጊዜ ሰላምታ፤
ገንደ ቆሬ እንኳ ጎረቤት እንዲህ አይጠያየቅም፣ ጠዋትም ማታ።
ወሬ የላቸውም። ሙቀቱን አያነሡም፣
ስለ ጫት ዋጋ፣ ስለ ውሃ መጥፋት አይተነፍሱም።
ያቺኑ አንዲት ቃል፣ ተራ ቁጥር ሰጥተው፣
የትናንት «አለሁ» ለዛሬ እንዳይቆጠር ተጠንቅቀው።
መልስ ከቀረ ደግሞ ምክንያት አይሹም፤
«ምናልባት ተኝቶ፣ ምናልባት ሥራ በዝቶበት» አይሉም።
ይቆማል ቀበቶው። ይቆማል። በቃ።
ጥርጣሬ ነው ሃይማኖታቸው፣ ማመን ገና ሳይነቃ።

ሐሙስ ሌሊት፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣
ላቤ በአንገቴ ሲንቆረቆር፣ ትንኝ አምፖሉን ሲከብ፣
ሰባተኛዋ መብራት፣ አረንጓዴ የነበረች፣
ቢጫ ሆነች። ጠበቅኳት። ቀላች።
ቀበቶው ቆመ።
ጸጥታው ሲወርድ ጆሮዬ ታመመ።
ሬዲዮው ጮኸ፤ ሙራድ ነው፣ የፈረቃችን መሪ፦
«ፈትለወርቅ! እቶኑ ሊታፈን ነው፤ ሰባትን ዝለያትና ሥሪ!
አጭር ሽቦ ነው፣ የአንድ ደቂቃ ነገር፤
እስኪነጋ ነው እንጂ፣ ማን ያያል በዚህ አገር?»
አውቃለሁ። ሽቦዋ መሳቢያዬ ውስጥ ነበረች፣
ጣት የምታህል፣ ቀይ፣ የውሸታም ምላስ የመሰለች።
«ሰባት አለሁ አላለም» አልኩት።
«የለሁምም አላለም!» አለኝ።
«እሱን ነው የምልህ» አልኩት።

ባትሪዬን ይዤ ወጣሁ። አቧራው በጨረሩ ውስጥ እንደ ዱቄት፤
ማዶ፣ ደንገጎ አናት ላይ፣ ድምፅ የሌለው መብረቅ በዚያ ሌሊት።
ደቻቱ ትዝ አለኝ፦ አሸዋ ሆኖ የተኛው፣
ልጆች ኳስ የሚጠልዙበት፣ መንገድ ነው ብለን የለመድነው።
ላይ ሲዘንብ፣ እኛ ዘንድ ሰማዩ ኮከብ ሞልቶ፣
ማንም «መጣ» ሳይል፣ ወንዙ በር ሰብሮ ገብቶ።
ያኔ ከላይ ስልክ የደወለ አልነበረም፤
ዝምታውን «ደህና ነው» ብለን ተኛን። ለሁሉም ግን አልነጋም።

ሳጥኑን ከፈትኩ።
የላላ መሰኪያ፣ አፉን ሞልቶ ሲሚንቶ ቅሞ፣
አጠገቡ እንሽላሊት፣ በሽቦው ሙቀት ተጋድሞ።
ጠረግኩት። አጠበቅኩት። ቀጭ አለ።
ዚያድ ከመቆጣጠሪያው ክፍል፣ በሬዲዮ፦ «ሰባት አለ።»
ከቀበቶው ሥር የተኛ ሰው አልነበረም።
ማንም አልሞተም። ማንም አልዳነም።
አርባ ደቂቃ ምርት ጠፋ፤ ሙራድ ስሜን በቀይ ጻፈ፣
ለምን ብዬ ዝም ስል፣ «እሺ ብላለች» ብሎ አለፈ።

ጠዋት በባጃጅ፣ ከዚራ፣ የአባቴን በር አንኳኳሁ።
«አሎ፣ ሽንሌ!» አልኩ። ቆጠርኩ። ጠበቅሁ።
አንድ። ሁለት። ከኒሙ ላይ ቁራ ጮኸ። ሦስት።
ለማሽን መቶ ሚሊሰከንድ ይበቃል፤ ለሰማንያ ሁለት ዓመት ሰው ስንት?
አራት። እጄ መዝጊያው ላይ ደረቀ።
አምስት። ጉሮሮዬ ተጣበቀ።
«አለሁ!» አለ ከውስጥ፣ «ጥርሴን እየፈለግሁ ነው፣ ቆይ እንጂ።»
ከዚያ ነጠላ ጫማው መሬት ሲልስ፣
ከዚያ መወርወሪያው ሲንቀሳቀስ፤
«ሐዲዱ ባዶ ነው፤ ግቢ።»