ከብርቱካን ለስላሳው ጀርባ

አምስት ቁልፍ አለው የጀሚል ዩኒፎርም፤
ሁለተኛው ላይ ስደርስ ጣቴ አይታዘዝም።
ደወሉ ተደውሏል፤ ደረቱ ገርበብ ብሎ
ይሮጣል ጉም ውስጥ ደብተር አንጠልጥሎ።

ቀለበቴን አንጥረኛው በመጋዝ ቆረጠው፣
እንደ ቡሆ የነፋ ጣት ፈጽሞ ሳይውጠው።
«የጦሳ ብርድ ነው» ያላለኝ ሰው የለም፤
በፌጦ ታሸሁ፣ ሞራ ተቀባሁ፤ ንጋቴ ግን አልተለወጠም።

ሐኪሟ ብርዱን በነጻ አሰናበተች፤
«ዘብሽ ተሳስቶ ነው፣ የሚጠብቀውን ቤት የሚያቃጥል» አለች።

ገባኝ።
ኮምቦልቻ ፋብሪካ፣ ክር ክፍል ስሠራ፣
አንድ የእሳት ደወል ነበር፣ ያለ ጭስ የሚያጓራ።
በጮኸ ቁጥር ሮጠን ባልዲ ስንገለብጥ፣
እሳትስ አልነበረም፤ የኛው ውሃ አበሰበሰው ያን ሁሉ ጥጥ።
ይልቃል መካኒኩ ከባልዲው ጋር መች ታገለ?
መሰላል ተክሎ ወጣ፣ የደወሉን ምላስ በጨርቅ ጠቀለለ።

«መርፌውም እንዲሁ ነው፤ ሕያው ሕዋስ የሠራው፣
ወሬ አመላላሹን መንገድ ላይ ይዞ የሚያስቀረው።»
«እውነተኛ እሳት ቢነሳስ?»
ዝም አለች። ደረቴን በራጅ አየች፣
የሳንባ ነቀርሳ ፈልጋ አጣች፤
«ትኩሳት ከተሰማሽ ሳታድሪ ነይ» ብላ አስጠነቀቀች።

መድኃኒቱ ሙቀት አይወድም።
ከአዲስ አበባ በበረዶ ሣጥን፣ ሐረጎን እየተጠማዘዘ ይመጣል፤
እኔ ደግሞ ፍሪጅ የለኝም።
ጋሽ ሙህዬ ነው ሱቁን የከፈተልኝ፤
ከብርቱካን ለስላሳው ጀርባ አንድ ጥግ ሰጠኝ።
መብራት ሲጠፋ፣ ገዢ «ቀዝቃዛ አለ?» ሲለው፣
«የለም» ይላል፤ በሩን አንዴም አይከፍተው።
ጀርባውን ለፍሪጁ ሰጥቶ ቆሞ አየሁት አንድ ቀን፤
ይሄስ ዘብ ያውቃል አልኩ፣ የሚጠብቀውን።

በየሁለት ሳምንቱ ጭኔን ቆንጥጬ እወጋለሁ።
የዋጋው ነገር ይቅር፤
የቀለበቱ ስባሪም ተሸጧል።
ትንሿ ጣቴ እንደጎበጠች ናት፤ የፈረሰ አጥንት አይመለስም አሉ።

ግን በአራተኛው ወር፣ ጉም ባለበት ማለዳ፣
እጄ ለስልሶ ነቃ፣ እንደታጠበ ጨርቅ፣ እንግዳ።
ወደ ጀሚል ተጣደፍኩ።
ቆልፎ ጨርሷል። አምስቱንም። እኔ ስታመም ለምዶ።

«አንዷን» አልኩት፣ «አንዷን ብቻ ፍታልኝ።»
ደወሉ ይጮኻል።
አገጩን ቀና አድርጎ ቆመልኝ።