አራሚዋ

ኬፕ ኮስት፣ ነሐሴ፤ አዳራሹ ሞቆ፣
የባሕሩ ጨው ሽታ በመስኮት ዘልቆ፣
አራባ ኤሲልፊ ታርማለች ቁጭ ብላ፣
የስንት መቶ ልጅ ልፋት ከፊቷ ደልድላ።

ሁለት መቶ አስራ ሁለት፤ ጥያቄ ስድስት፤
በሁለተኛው መስመር ጠፍታለች አንዲት
ቀጭን የመቀነስ ምልክት።
ከዚያ ወዲህ ልጁ አልሳተም ከቶ፣
ስህተቱን በእምነት እስከ ዳር ጎትቶ።
መመሪያው ይላል፦ «መንገዱን አክብሩ፤
ላንድ ጥፋት ሁለት ቅጣት አትደርድሩ።»

ሦስት ሰጠች ካራት፤
ልትገልጥ ስትል ግን አንድ ነገር ቆረቆራት፦
ይቺን ስህተት ጠዋት አይታት የለም ወይ?
ቁርስ ሳትቀምስ፣ ገና ሳይሞቅ ፀሐይ፣
«ዝርክርክ!» ብላ፣ አንድ ብቻ ሰጥታ?

ማራገቢያው ቆመ፣ መብራት ጠፍቶ ላፍታ።
«ነገ ይደርሳል» አሏት ሚስተር አኮን፣ ቦርሳቸውን ይዘው፤
እሷ በስልክ መብራት ክምሩን በትናው።

በኛ አፍ ቢነገር፣ ማረም ሁለት ፊት አለው፤
አንዱ ለወረቀት፣ አንዱ ለካሳቫው።
ዛሬ ግን አረሙ የበቀለው
ከልጅ ማሳ አይደል፣
ካራሚዋ እጅ ነው።

አርባኛው ተገኘ። ያችው የጠፋች ምልክት።
አንዱን ሰርዛ ሦስት፤ ፊርማዋን ከጎኑ።
ስም የለው፣ መልክ የለው፣ ቁጥር ነው ባለቤቱ፤
አያመሰግናትም፤ መች ሊያውቅ በቤቱ።

ልትነሣ ነበር።
ግን ከአርባ ወዲህ፣ ከአርባም በፊት፣
ስንት ልጅ አለ የቁርሷን ዕዳ የከፈለላት?

ማዕበሉ ከውጭ ይቆጥራል፣ ይስታል፣ ይደግማል።
አራባ ክምሩን አስተካከለች።
ከአንድ ጀመረች።