ሆዴ የባቲ ሰኞ

«ሆድ ይፍጀው» ይላሉ፤ እኔን ሆዴ ፈጀኝ፤
ሐረጎ ጥምዙ ላይ፣ በአንድ ጧት አስረጀኝ።

አምና ነው፤ ግንቦት ላይ፤ ከኮምቦልቻ ደሴ፣
ሦስተኛ ነበርሁ፣ በሙሉ እስትንፋሴ፤
ከፊቴ ሁለት ጀርባ፣ ላብ ያራሰው ማልያ፣
እግሬ ሥራውን ያውቃል፣ አልፈለገም መምሪያ።
ድንገት ከእምብርቴ ሥር፣ አንድ እጅ ገብቶ ያዘኝ፣
እንደ እርጥብ ጋቢ፣ ጨምቆ ጠመዘዘኝ።

ወረድሁ።
ብስክሌቴን ባሕር ዛፍ ላይ አስደግፌ፣
ቁጥር ሠላሳ አራትን በጀርባዬ ለጥፌ፣
(የቀረውን ሆድ ይፍጀው።)

ስወጣ፣ አሥራ ዘጠኝ ሰው አልፎኛል፤
አንዱ ልጅ «አይዞህ!» አለኝ፤ ከሁሉም ያ አስከፍቶኛል።

አማርኛ ሁሉን ነገር ከሆድ አስቀምጧል፤
ሆድ ይብሳል፣ ሆድ ይባባል፣ ሆድ ቂሙን ይቋጥራል።
እኔ ግን «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ሲሉኝ፣
ዶሮው ብቻ ነበር የሚታየኝ።
ሆድ የሚባለውን እንደ ከረጢት ቆጥሬ፣
ስኳር በጥብጬ፣ ሙዝ ጠቅጥቄ፣ ብርቱካን ጨምሬ፣
ዳገት ስነዳው ኖሬ።

ሆጤ፣ አንዲት ክሊኒክ፣ ዶክተር ሰዓዳ አየችኝ፤
ወረቀት ገልብጣ፣ አንጀት ሥላ አሳየችኝ፦
«ዳገት ስትገፋ፣ ደምህ ወደ እግርህ ይጎርፋል፤
አንጀትህ ደጅ ይጠናል። ግድግዳው ይሳሳል፤ ማለፍ የማይገባው ያልፋል።
ነዋሪም አለው» አለችኝ፣ «ከገበያ ሰው የበዛ፤
ደግ ደጉ ሲመናመን፣ ክፉው ነው ሜዳ የሚገዛ።»

ፋርማሲው እንክብል አለው፤ ፕሮባዮቲክ ይባላል፤
ዋጋው የአንድ ጎማ ነው፤ ፍሪጅ ውስጥ ይቀመጣል።
ሦስት ቀን መብራት ጠፋ።
ይኑሩ ይሙቱ፣ ማን ገብቶ ያረጋግጣል?
ምናልባት ሬሳ ነው የዋጥሁት። ይቅር ይበለኝ።

አሠልጣኜ ይመር፣ የድሮ መካኒክ፣ «ነገ ሰኞ ነው፤ በጧት ና፤
ባቲ እንውረድ፤ ሞሚናን እናግኛት፣ ገበያው ሳይሞቅ ገና።»
ሞሚና ከአፋር ሜዳ፣ ሌሊቱን ተጉዛ መጥታ፣
ከተከደነ ዕቃዋ የግመል እርጎ አውጥታ፣
ቀዳች። ጎመዘዘኝ፤ ዓይኔ ጠበበ ላንዳፍታ።
ሳቀች፤ አንድ ነገር አለች።
«ምን አለች?»
ይመር ጨው ሻጩን በኦሮምኛ፣ ጨው ሻጩ እሷን በአፋርኛ፣
ቃሉ እንደ ሐረጎ መንገድ ዞሮ ዞሮ፣ ደረሰኝ በአማርኛ፦
«ቀስ በል፤ እንግዳ ነው፤ ሆድህ ይልመደው።»

ያን ጊዜ ገባኝ። ሆዴ የባቲ ሰኞ ነው፤
በሦስት ቋንቋ የሚሸጥ፣ በጥቅሻ የሚዋዋለው፤
ማንም ማንንም ካላባረረ፣ ሁሉም መደብ ያለው፤
አንዱ ጥሎ የሄደ ለት፣ ቦታውን ሌባ የሚወርሰው።

አንደኛው ሳምንት ነፋኝ፤ ሌሊቱን አጉረመረመ፤
ሁለተኛው አኮረፈ፤
ሦስተኛው ላይ ዝም አለ፤ ተቀመጠ፤ ታደመ።
ስኳሩን ቀነስሁ። ሙዙን በልክ። ውሃውን በጉንጭ፣ በጉንጭ።
ደስ ብሎኝ ብነግራት፣ ሰዓዳ ራሷን ነቀነቀች፤
«እርጎው ይሁን ልምምዱ፣ እኔ አላውቅም» አለች፤
«ላንዱ ይበጃል፣ ላንዱ አይበጅም፤ ጥናቱ ገና ነው።»
ያን ቀን ይበልጥ አመንኋት።

ዘንድሮ ግንቦት። ያው ጥምዝ፣ ያው ባሕር ዛፍ።
ሰባተኛ ነኝ፤ ምላሴ ደርቆ ተጣብቋል ከአፍ።
እጄ ሳላዝዘው ወረደ፣ እምብርቴን ነካ ነካ፤
«አላችሁ?» አልሁ።
ከውስጥ አንድ ነገር በቀስታ ጉር አለ፦
ገበያው አልተፈታም ለካ።