የሩሯ ዕዳ

እኔ ያኔ ልጅ ነኝ፣ ፊት ጥርሴ የወለቀ፣
በጭብጥ ሽንብራ እሸት አፌ የተጠበቀ።
ዛሬ ግን ሁሉም አልፏል፤ ሽበቴም ሞልቷልና፣
ልናገር የዚያን ዓመት የጎንደርን ገና።

ዘሚካኤል አባቴ፣ ቀጥ ያለ እንደ ወስፌ፣
የታቦቱን ጥላ ነው የሚሰፋው በመርፌ።
ከፋዩ ከአዲስ ዓለም ከነጋዴ ይመጣል፤
ዘርፉ ከውብዳር ጣት፣ ከእህቴ ይወጣል።
ጓንጉል ደግሞ ግንበኛ፣ ኖራ የሚያቦካ ልጅ፣
ዱቄት የወደቀበት ከቅንድብ እስከ እጅ፤
ሲደፍን ይውልና የባሕሩን ስንጥቅ፣
እኛ ደጅ ሲደርስ ነው ልብሱን የሚነቀንቅ።
እሷም ልክ ያኔ ነው ክሯ የሚበጠሰው፣
ለመቀጠል ደጅ ወጥታ ፀሐይ የምታስሰው።
ይህን ሁሉ አይቻለሁ፤ ሽንብራዬን በላሁ፤
አባቴ «ምን አየህ?» ሲል «ምንም» እላለሁ።

የገና ለት ታዲያ፣ ጃን ተከል ሲሞላ፣
ሩሯ ስትከንፍ ከዋርካው ኋላ፣
ጓንጉል ተንደርድሮ ባለ በሌለ ክንዱ
ሲመታት — ወይ ጉዱ! —
ሳተች ከመንገዱ፤
ሄዳ አረፈች ቀጥታ
ከአባቴ ቁርጭምጭሚት፣ ከቆመበት ቦታ።

ጭጭ አለ ሜዳው። አቧራውም ጭጭ አለ።
ጓንጉል እንደ ኖራው ነጣ፤ ዱላውን ጣለ።
አባቴ ቁጣውን እስከ ጉሮሮ አመጣ፤
ግን ገና ነው፤ በገና ጌታም አይቆጣ።
ዋጣት እንደ ኮሶ። ዓይኑ እንባ አቀረረ፤
«መታህ ልጄ፣ በርታ» ብሎ እያነከሰ ዞረ።

በማግስቱ ጓንጉል ቅቤ ይዞ መጣ፣
ለወጌሻው ማሻ፤ ከደጃችንም አልወጣ።
እግሩ አብጦ አባቴ መነሣት ሲሳነው፣
የጥላው ቀርቀሃ ዕዳው የጓንጉል ነው።
ቀን ኖራ፣ ማታ ሐር፤ እንዲህ አሥር ቀን ሆነ፤
ውብዳር ዘርፉን ሰፋች፣ ጓንጉል ክር መጠነ።
ቃል አልተነጋገሩም። አባቴ ባንድ ዓይኑ
ተኝቶ፣ ባንዱ ያያል በየምሽት በየቀኑ።

አንድ ምሽት ጧፉ ጠፍቶ፣ መርፌዋ ወደቀ፤
ሲዳብስ ጣቱን ወጋው፤ «አገኘሁት» ብሎ ሳቀ።
እሷም ሳቀች። ያ ብቻ። ጧፍ ይዤ ስመጣ፣
ፊቷ ከከፋዩ ብሶ ቅላት አወጣ።

ለከተራ ዋዜማ ጓንጉል ቦዩን ሰበረ፤
ቀሃ ገባ፤ ግንቡም ሳያፈስ አደረ።
ታቦታቱ ሲወጡ፣ ጥላው ሲዘረጋ፣
ዘርፉ ሲያብለጨልጭ እንደ ጤዛ ሲነጋ፣
አባቴ እያነከሰ ወደ ባሕሩ ወረደ፤
የማንን ትከሻ ይዞ? የጓንጉልን። ተራመደ።

በጥምቀቱ ጠዋት፣ ውኃው ሲረጭ ለሕዝቡ፣
ሎሚ ይበር ጀመር ከዋርካ ሥር፣ ከካቡ።
ጓንጉልም አንድ ሎሚ ይዟል በመዳፉ፤
«ወርውር! ወርውር!» ቢሉት፣ ደረቀበት አፉ።
ሩሯን አስታወሰ፣ የአባቴን እግር፤
«ደግሞ ብስትስ?» አለኝ፤ «ይቅር፣ ይቅር።»
ሎሚዋን ለኔ ሰጥቶ «አድርስልኝ» አለ፤
ዘወር ብል፣ አባቴ ከኋላዬ አለ!

«በገና ሕግ ነውና ዝም አልኩህ፣ ቻልኩህ፤
ዛሬ ሕግ አይዘኝም፤ እነሆ ተቆጣሁህ፦
አሥር ምሽት ቤቴ ገብተህ፣ ሐር መጥነህ፣ ጧፍ አጥፍተህ፣
እስካሁን ሽማግሌ ያልላክህ ምን ነክቶህ?»

ውብዳር ኩታዋን ነክሳ ወደ ውኃው ዞረች፤
ትከሻዋ ይስቃል፤ እሷ ግን ጨዋ ነበረች።

ሠርጉ በዚያው በጥር ሆነ። አባቴም ጨፈረ፣
ባንድ እግሩ እየዘለለ፣ ባንዱ እያረረ።
ክረምት በመጣ ቁጥር እግሩን ይጠዘጥዘዋል፤
«ጓንጉል የሰጠኝ ጥሎሽ ይኸው» ብሎ ያሸዋል።

ሎሚዋስ? አትጠይቁኝ። አባቴ ሲናገር፣
ሰው ሁሉ አፉን ከፍቶ ሲቆም፣ እኔ እመጥ ነበር።