ልዩ ውክልና

ፀሐይ የዓመት ፈቃዷን በምትወስድበት ወር፣
ቫርዶ ወደብ፣ የዓሣ ሚዛን ቤት፣ ንፋሱ ቆርቆሮ ሲያናግር፣
ቶርዲስ ጓንቷን አውልቃ ከኮምፒውተሩ ፊት ተቀመጠች፤
አንዲት የአሥራ አራት መስመር ስክሪፕት ደጅ ጠናቻት፣ ሹመት ለመነች።

ሥራዋ ቀላል ነው፤ ሌሊት ነቅታ
የቀኑን የሚዛን መዝገብ መገልበጥ፣ ሌላ ዲስክ ከፍታ።
ዲስኩ ግን የአስተዳዳሪ ሥልጣን ይጠይቃል፣
ተራ ሰው ሲያንኳኳ «ተከልክሏል» ይላል።

«የይለፍ ቃሉን ውስጧ ጻፊላትና እንሂድ» አለ ኤይልፍ።
ወንበሩ ሲጥ አለ። ቶርዲስ አልቸኮለችም።

«ካንተ በፊት እዚህ ኦድሙን ነበር፣
ደግ ሰው፣ ቁልፍ ሲያድል የማይቆጥር።
ላንዲት ስክሪፕት ሙሉ ውክልና ሰጣት፣
ፋይሏንም ማንም እንዲያርማት ክፍት ተዋት።
አንዱ፣ ክፋት የለውም፣ የአቃፊ ስም ሊያቃና መጣ፣
አሮጌውን ሰርዞ አዲሱን ሳይጽፍ ለምሳ ወጣ።
ሌሊት ነቃች። ‹አጥፊ› ይላል መስመሩ፤ ምኑን? እሱ የለም፤
ሥልጣን የያዘ ባዶ ትእዛዝ ደግሞ መጠየቅ አያውቅም።
የዘጠኝ ቀን ሚዛን ሄደ። ያ ሁሉ ጀልባ፣ ያ ሁሉ መረብ።
ሽማግሌው ሃልግሪም እዚያች በር ላይ ቆሞ፣ በጣቱ እየቆጠረ ሲያስብ…»

አልጨረሰችውም። ጻፈች። ሁሉን ሳይሆን አንዲት ትእዛዝ፣
በሙሉ አድራሻዋ፣ ከነዲስኩ፣ ስም የሰረቀ አስመሳይ በቦታዋ እንዳይመዘዝ።
ስክሪፕቷን ከጋራው አቃፊ አንስታ የራሷ ካዝና ውስጥ አኖረቻት፤
ማንም ያንብባት፣ ማንም ግን አይጽፍባት።
የይለፍ ቃልማ አልነካችም። ግንባር ላይ የተነቀሰ ምስጢር
ባለቤቱ ብቻ ነው የማያየው እንጂ፣ ያነበዋል መንደር።

እኩለ ሌሊት ስክሪፕቷ ተሾመች፤
ዲስኩን ከፈተች፣ ገለበጠች፣ ዘጋች፣
በአራት ሰከንድ ተሻረች።
«ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ላለው ተረት
ይህች መልስ ናት። አልበላችም፣ አልቆጫትም፤
ተመለሰች ወደ ፋይልነቷ፣ ወደ ዝምታው ቤት።

«ሌላ ሥልጣን ብትፈልግስ?» አለ ኤይልፍ እያዛጋ።
«ደጅ ትጥናና፣ ሲነጋ።»
(በዚያ ወር መንጋት የለም። ያው ለልማድ ነው፣ «ሲነጋ»።)

ካፖርቷን ከመልበሷ በፊት የራሷንም ሥልጣን አወለቀች፣
እንደ ማንም ተራ ተጠቃሚ
በረዶው ውስጥ ገባች።