አራተኛው ካንዴላ

ነፋሱ ከማጄላን ወሽመጥ እያፏጨ ሲመጣ፣
የጋራዣችን ቆርቆሮ ሚስማሩን ነቅሎ ሊወጣ፣
እኔ ኮፈኑን ከፍቼ፣ በመጥረጊያ እንጨት ደግፌ፣
የስቲፔን ሰፊ ቱታ፣ እጅጌውን ክንዴ ላይ አጥፌ፣
ሦስት መቶ ሰማንያ ሰባት ሺህ ኪሎ ሜትር
ቆጥሮ የደከመውን ሞተር
በመዳፌ ዳበስኩት፤ ለብ ብሏል እንጂ አልጋለም።
"ትኩስ ከሆነ አትንኪው" ብሎኛል የኔ ዓለም።

እሱ ከጥግ፣ ከቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጧል፤
እጁ ቁልፍ አይጨብጥም፤ ከዓምና ወዲህ ይንቀጠቀጣል፤
አፉ ግን ደህና ነው። ያዝዛል፣ ያርማል፣ ይቆጣል።
"መጀመሪያ ንፊበት፣ አሸዋ እንዳይገባ፤
አንዲት ጠጠር ለፒስተን፣ ለዓይን እንደ ገለባ።"

በብስክሌት መንፊያ ነፋሁ፣ በየጉድጓዱ አራት ጊዜ፤
የበግ ፀጉር ወጣ፣ አሸዋ ወጣ፣ የስንት ዘመን ትካዜ።

አንደኛው፣ ቁልፉን ስጭነው፣ ቀጭ አለና ዞረ፤
የብስኩት መልክ አለው ጫፉ፤ "ደህና ይቃጠላል" ሲል ተናገረ።
ሁለተኛው እንደ አንደኛው። ሦስተኛው ዘይት ቀምሷል።
"የክዳኑ ጎሚኒ አርጅቷል፤
እንደኔው" ብሎ አፍንጫውን በመሐረብ ያብሳል።

አራተኛው ጋ ስደርስ ግን ባሌ ወሬውን ለወጠ፤
ስለ ጀልባው ሰዓት አወራ፣ ስለ በጎች ዋጋ፣ ተቁነጠነጠ።
"ኔቬንካ፣ ያን እንኳ ተይው።"
"ለምን?"
"ገና አዲስ ነው።"
"አራቱንም በአንድ ቀን አልነበር የቀየርከው?"
ጫማውን አየ።
ነፋሱ መለሰልኝ እንጂ ባሌስ አልመለሰው።

ቁልፉን ጣልኩበት፤ አልሰማኝም። ተንጠለጠልኩ፤ እምቢ አለ።
ብረት ከብረት ተጋብቶ፣ ልጅ ወልዶ የኖረ መሰለ።
ጉልበቴን ፈራሁት። ካንዴላው ከተሰበረ፣
የቴስታታው ጥርስ ከተበላ፣ ጉዟችን እዚህ ቀረ፤
መካኒክ ያለው ማዶ ነው፣ ፑንታ አሬናስ፤
ጀልባውም አይነሣም በእንዲህ ያለ ነፋስ፤
ሐሙስ ደግሞ የስቲፔ የሐኪም ቀጠሮ ነው።

ዘይት አንጠባጠብኩበት፣ ሌሊቱን ይጠጣ ብዬ፤
ስቲፔ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተኛ፤ ዝም አልኩት ችዬ።
በማግስቱ አሮጌዎቹን መልሼ፣ ሞተሩን ጥቂት አሙቄ፣
ሩብ ዙር ወደ ግራ፣ የሩብ ሩብ ወደ ቀኝ፣ ትንፋሼን ውጬ፣ ተጠንቅቄ።
ጮኸ።
እንደ አሮጌ በር አንዴ ጮኸና፣
ዝም አለና፣
ወጣ።

ስሙ ከሦስቱ ስም ይለያል፤ ዝገቱም የሌላ ዘመን ዝገት፤
ጫፉ ተበልቶ አልቋል፤ ብልጭታው የሚዘለው ገደል እንጂ አይደል ክፍተት።
ወስጄ ጉልበቱ ላይ አኖርኩት።
"ስንት ዓመቱ ነው?" አልኩት።
"እኔ እጄ ላይ፣ አስራ አንድ። ያኔም እምቢ አለኝ፤ ታገልኩት፣ ታገልኩት፤
አፈርኩ። ሦስቱን ቀየርኩና አራት ነው ብዬ ማልኩልሽ፤
ድስት በሦስት ጉልቻ ይቆማል ብዬ፤ ምን ልበልሽ?"

አስራ አንድ ዓመት!
ያ ሴሮ ሶምብሬሮ መንገድ ላይ የሚያነክሰው፣ ያ ጠዋት የሚያስለው፣
"ቤንዚኑ ነው፣ ብርዱ ነው" እያልን
ስንቱን ነዳጅ ቀጂ በከንቱ ነው የወቀስነው!
ልቆጣ አፌን ከፈትኩ፤ ሳቅ ቀደመኝ።
እሱም ሳቀ፤ ካንዴላው በእጁ ውስጥ፣
ከሳቁ ይሁን ከሕመሙ፣
የቢራውን ሳጥን ጠርዝ ይመታ ጀመር፦
ቀጭ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ ቀጭ፤
አንዱ ሲሊንደር እንደሞተበት ሞተር።

አዲሶቹን በጎማ ቱቦ ጫፍ ይዤ በጣቴ ብቻ አሽከረከርኩ፤
ጥርስ ከጥርሱ ሲገናኝ ሳላየው አወቅኩ፤
ከዚያ በቁልፍ፣ ጥቂት። "በቃ!" አለ። "በቃ" አልኩ።

አስነሣኋት። ተንገራገጨች፣ እንደ ፍየል ዘለለች፤
ሁለት ሽቦ አዛብቼ ኖሯል።
"አየሽ?" አለ ስቲፔ ደስ ብሎት፤ "ሰው ይሳሳታል።"

ሽቦዎቹን አቀያየርኩ፤ ደግሜ ቁልፉን አዞርኩ።
"ጠፋች እንዴ?" አለ።
አልጠፋችም፤ ነዳጅ ረግጬ አሰማሁት።
ራሱን ነቀነቀ።
አሮጌውን ካንዴላ ከመሐረቡ ጋር ኪሱ ሲከተው አየሁ፤
እንዳላየ ሰው ኮፈኑን ዘጋሁ።